ፈረንሳይ፦ ጉልበት ለሚያማቸው አባት የሚሆን የቦይ ዳርና የረግረግ ዳር መንገድ

ጥያቄ፦ የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለቤቱ። መስከረም አጋማሽ ላይ አባባንና እማማን ይዤ ፓሪስ እህቴ ዘንድ ለሦስት ሳምንት እንሄዳለን። አባባ 68 ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ቁልቁለት ላይ ይይዛቸዋል፣ ሜዳ ላይ ግን በከዘራ ደህና አድርገው ይሄዳሉ። እማማ ጤነኛ ናቸው። ሁለቱም ማየት የሚፈልጉት ሐውልትና ሙዚየም ሳይሆን ገጠር ነው፦ ውሃ፣ ጓሮ፣ ከብት፣ ዛፍ። መኪና አንከራይም፤ የምንሄደው በባቡር ብቻ ነው።

የድሮ የጀልባ ቦዮች ዳር ያለው መንገድ ለእንዲህ ያለ ሰው ይመቻል ሲባል ሰማሁ። ከባቡር ጣቢያ ቅርብ የሆነው የትኛው ቦይ ነው? መሬቱ ጠጠር ነው፣ አስፋልት ነው ወይስ ጭቃ? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ላስብ? ረግረግ ቦታስ ለእነሱ ይሆናል?

መልስ፦ ሸዋ በር (ሐረር)

ለአባትሽ ጉልበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ምክንያቱን ካወቅሽ ደግሞ ካርታ እያየሽ ራስሽ መምረጥ ትችያለሽ። መንገዱ የተሠራው ጀልባውን በገመድ ለሚጎትቱ ፈረሶችና ሰዎች ነው። ፈረንሳዮቹ ሸማን ደ አላዥ ይሉታል። የድሬ ሰው ስለሆንሽ ግማሹን ቃል "ሸሚንደፈር" ከሚለው ታውቂዋለሽ፦ ያኛው የብረት መንገድ፣ ይሄኛው የመጎተቻ መንገድ። የተኛ ውሃ ማዘንበል ስለማያውቅ በሁለት የውሃ በሮች መካከል ያለው መንገድም አብሮት ሜዳ ነው። ከፍታው የሚለወጠው ኤክሉዝ በሚሉት፣ ጀልባ ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርገው በር ላይ ብቻ ነው። አንዱ በር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው፤ መንገዱ እዚያ ላይ አጭር ተዳፋት ይኖረዋል፣ ከዚያ እንደገና ይደላደላል። ስለዚህ ካርታ ላይ የምትቆጥሪው ኮረብታ ሳይሆን በሮቹን ነው። በር የሌለበት ረጅም ቁራጭ ካገኘሽ የአባትሽ መንገድ እሱ ነው።

ሜዳ ነው ማለት ግን አያደክምም ማለት አይደለም። እርምጃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚሠራው ያው አንድ ጡንቻ ነው። አስፋልት ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ይመታል። የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ከሁሉም ይሻላል፤ ሣር ያዝ ያደረገው ዳር ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ጠዋት ግን ጤዛው ያዳልጣል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር አስቢ። ስድስት ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ነው፤ በየ40 ደቂቃው ሩብ ሰዓት ዕረፍት ስትጨምሪበት ሁለት ሰዓት ከግማሽ ይሞላል። ለመጀመሪያው ቀን ከዚያ አትለፉ።

ሰው የሚሳሳተው መመለሻው ላይ ነው። ቦይ ዞሮ ወደ ተነሳሽበት አይመልስሽም፤ የሄድሽውን ሁሉ መልሰሽ ትሄጂዋለሽ። ድልድዮቹም ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ተራርቀው ሊገኙ ስለሚችሉ "በዚያኛው ዳር እንመለስ" ማለት ሁልጊዜ አይሆንም። አባባ "ገና አልደከመኝም" እያሉ ሳለ መዞር ነው። ብዙ የበር ጠባቂ ቤቶች ግድግዳ ላይ የበሩ ስምና ወደ ቀጣዮቹ ሁለት በሮች ያለው ርቀት በሜትር ተጽፎበታል፤ እሱን አንብባችሁ ወስኑ።

ከፓሪስ ደርሶ መልስ የሚሆነው ብሪያር ነው። ባቡሩ የሚነሳው ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ ሲሆን ወደ ኔቨር የሚሄደው መስመር ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጣቢያው ከተማውን አቋርጣችሁ ድልድዩ ዘንድ ለመድረስ ለአባባ አርባ ደቂቃ መድቢ። ድልድዩ ላይ የሚያልፈው መኪና ሳይሆን ራሱ ቦዩ ነው። 662 ሜትር የሚረዝም የብረት ገንዳ በሎዋር ወንዝ ላይ ተዘርግቶ ጀልባ በውስጡ ይሄዳል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን የድንጋይ ምሰሶዎቹን የሠራው የኤፌል ኩባንያ ነው። ግራና ቀኙ መደገፊያ ብረት ያለው የእግረኛ መተላለፊያ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ ነው። ለምን እንደ ተሠራ ስትነግሪያቸው አባትሽ የድሬውን የደቻቱ ወንዝ ያስታውሱበታል፦ ሎዋር በሙቀቱ ወራት አሸዋው እስኪታይ ይጎድላል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል። ጀልባዎቹ ቀድሞ ወንዙን በቀጥታ ያቋርጡ ስለነበር ሲጎድልም ሲሞላም ይቆሙ ነበር። ቦዩን ከወንዙ በላይ አሻገሩትና ከወንዙ ጠባይ ተላቀቁ። ድልድዩን ተሻግራችሁ በሻቲዮን ሱር ሎዋር አቅጣጫ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ብትመለሱ ከጣቢያ ጣቢያ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም። ያ ከበዛ ድልድዩን ብቻ ደርሶ መልስ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ጉዞ ነው።

ወደ ደቡብ የምትወርዱና የምታድሩ ከሆነ ሚዲ ቦይን አስቡ። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ዳር ቶ ሐይቅ ድረስ ይሄዳል። ፒየር ፖል ሪኬ እ.ኤ.አ. ከ1666 ጀምሮ ያስቆፈረው ሲሆን በ1681 ተከፈተ። ቤዚየ ከተማ ዳር ፎንሴራን የሚባሉት ተከታታይ በሮች 21 ሜትር ተኩል ያወጣሉ፤ ከእነሱ በላይ በምዕራብ በኩል እስከ አርዣን በር 54 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም በር የለም። ለጉልበት ከዚህ የበለጠ ቦታ ካርታ ላይ ፈልገሽ አታገኚም። ፎንሴራንን ወደ ላይ መውጣቱ አያስቸግራቸውም፤ መውረዱ ግን ያው የሚይዛቸው ቁልቁለት ስለሆነ ታክሲ ከላይ ያድርሳችሁ፣ ከላይም ይውሰዳችሁ። ታክሲ ግን ቀድሞ በስልክ ይጠራል። በገጠር መንገድ ላይ እጅ ስታነሺለት የሚቆም እንደኛ ባጃጅ ያለ የለም። የቦዩን ግራ ቀኝ የፕላታን ዛፎች ጥላ ያለብሱታል።

መልስ፦ ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሸዋ በር የጻፈው ትክክል ነው፤ ጥላው ላይ ብቻ ማረሚያ አለኝ። የሚዲ ፕላታኖች ከ2006 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ በሽታ ይዟቸዋል። ፈንገስ ነው፤ በቁስል በኩል ገብቶ የዛፉን የውሃ ሥር ይዘጋዋል። በጀልባ ማሰሪያ ገመድ በተላጠ ግንድ፣ በመቁረጫ መሣሪያ፣ በተነካኩ ሥሮችና በውሃው ራሱ ይተላለፋል። መድኃኒት ስላልተገኘለት የታመመውንና አጠገቡ ያለውን ቆርጠው ያቃጥላሉ። 42,000 ያህል ከነበሩት ብዙ ሺህ ተቆርጠዋል። በምትካቸው የተተከሉት ሌሎች ዓይነት ዛፎች ገና ቀጭን ናቸው።

ስለዚህ የድሮ ፎቶ አይተሽ "ሙሉ መንገዱ ጥላ ነው" ብለሽ እንዳትነሺ። የሳተላይት ምስል ከፍተሽ የምትሄዱበትን ቁራጭ ተመልከቺ፤ ባዶ ዳር ከሆነ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ መነሻውም ጠዋት። የድሬን ፀሐይ የለመደ ሰው የእነሱን ፀሐይ ይንቃል፤ ውሃው የሚመልሰው ጨረር ግን ከታች በኩል ፊት ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ብስክሌት። እነዚህ መንገዶች የብስክሌት መስመርም ናቸው፤ ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ። ሦስት ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሂዱ። ቀኝ ዳር ያዙ፣ ደወል ስትሰሙ ባላችሁበት ቁሙ። ድንገት ወደ ግራ መዝለል ነው ግጭት የሚያመጣው። አባባን ከውሃው በተቃራኒ በኩል አድርጊያቸው፤ የቦዩ ጠርዝ ብዙ ቦታ መከላከያ የለውም፣ በሣር የተሸፈነው ጠርዝም ከሥሩ በውሃ የተበላ ሊሆን ይችላል።

የከዚራዋ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብሪያርን ይዣለሁ። እማማ ደግሞ የአትክልት ቦታ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ረግረጉስ? ካማርግ የሚባለውን ብዙ ሰው ያነሳል። ሌላው፣ እማማ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፣ መስከረም 26 ደግሞ ጽጌ ይገባል፤ ገጠር ውስጥ ምን ይበላሉ?

መልስ፦ ጁገል (ሐረር)

ካማርግን ለዚህ ጉዞ ተዪው። ፍላሚንጎው እውነት ነው፣ ፖን ደ ጎ በሚባለው የወፎች ፓርክ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ደልዳላ መንገድ አለ። ቦታው ግን ከፓሪስ ሩቅ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ሲነሳ ከዘራ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው፣ ትንኙም በመስከረም ገና አልሄደም።

ለእማማ አሚዬን። ከፓሪስ ሰሜን ጣቢያ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ከተማው ዳር ኦርቲዮናዥ የሚሉት 300 ሄክታር የሚሆን፣ በ65 ኪሎ ሜትር ቦዮች የተከታተፈ የጓሮ አትክልት ረግረግ አለ። ጥቁር አፈር ነው፤ የበሰበሰ ቄጠማ ለዘመናት ተከማችቶ የሠራው። ገበሬው በየጊዜው ከቦዩ ሥር ደለል እያወጣ ማሳው ላይ ካልደለደለና ዳሩን ካልጠገነ መሬቱ ቀስ በቀስ ተንዶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀልባቸው አፍንጫው ረጅምና ወደ ላይ የቀና ነው፤ ያ ለውበት አይደለም፣ ለስላሳውን ዳር ሳይንድ ተጠግቶ ዕቃ ማራገፊያ እንዲሆን ነው። የሐረማያን ጎመንና ድንች ማሳ የሚያውቅ ሰው እዚያ ብዙ የሚያየው ያገኛል።

ከጣቢያው በሩብ ሰዓት ሶም ወንዝ ዳር ትደርሳላችሁ፤ የመጎተቻውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ካሞን መንደር ሂዱ። መሬቱ ጠንካራና ሜዳ ነው፣ አንዱ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፣ በየትኛውም ቦታ መዞር ይቻላል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው የአትክልቱ ቦዮች ናቸው። ጓሮዎቹ የግል ስለሆኑ ትንንሾቹን ድልድዮች ተሻግራችሁ አትግቡ። ወደ ውስጥ የሚገባው በጀልባ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት የጉብኝት ጀልባዎች 45 ደቂቃ ያህል ይዞራሉ፤ የሚሠሩት ግን በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት እግር፣ ከምሳ በኋላ ጀልባ። ቅዳሜ ጠዋት የረግረጉ ገበሬዎች ፓርማንትየ አደባባይ ላይ ይሸጣሉ።

ሁለተኛው ረግረግ ማሬ ፑአትቫን ነው። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ኒዮር ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ኩሎን መንደር 11 ኪሎ ሜትር። የኒዮር የከተማ አውቶብስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነጻ ነው፣ ኩሎንም ይደርሳል። አካባቢው 100,000 ሄክታር ገደማ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። "የደረቀው ረግረግ" የሚሉት በግድብ ታጥሮ እህል የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለውም። "የረጠበው ረግረግ" ነው የምትፈልጉት፤ ኩሎን ያለው እዚያ ነው። ቦዮቹ ዳር የተደረደሩት ፍሬን የሚባሉ ዛፎች አናታቸው በየጊዜው ስለሚቆረጥ ራሳቸው እንደ ቡጢ ያበጠ ነው፤ ሥራቸው ዳሩን ይይዛል፣ ቅርንጫፋቸው ለማገዶ ይውላል። መነኮሳት ናቸው ማድረቁን የጀመሩት፤ አምስት ገዳማት ተባብረው ያስቆፈሩት ቦይ በ1217 የተጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬ "የአምስቱ አበምኔቶች" ይባላል።

እዚያ ያለው ችግር ጭቃ ሳይሆን መንገድ ማለቁ ነው። ማሳዎቹ ድሮም የሚደረስባቸው በጀልባ ስለነበር ብዙው የእግር መንገድ ሄዶ ሄዶ ድልድይ የሌለው ቦይ ላይ ያበቃል። ምልክት ብቻ ተከተሉ፦ አጭር የአካባቢ መንገድ ቢጫ መስመር ነው፣ ነጭና ቀይ የረጅም ጉዞ ነው፣ የመስቀል ምልክት ካያችሁ "በዚህ አይደለም" ማለት ነው። ከኩሎን ላ ጋሬት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእናንተ ልኩ እሱ ነው። ውሃው አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የሚታየው በላዩ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅጠል ስለሞላው ነው። መሬት ነው ብሎ የሚረግጥ ልጅም አዋቂም አለና እጅ ያዙ። በክረምታቸው ከታኅሣሥ በኋላ መንገዱ ውሃ ይውጠዋል፤ መስከረም ግን ደረቅ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ከዛፎቹ ሥር አትቀመጡ፤ ፍሬኖቹን የያዛቸው በሽታ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል፣ ድንገት ይወድቃል። ባለጀልባው በዘንግ የቦዩን ሥር አማስሎ ክብሪት ሲጭር ውሃው ላይ እሳት ይነዳል፤ ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣ ጋዝ ነው፣ እማማን ቀድመሽ ንገሪያቸው እንዳይደነግጡ።

መልስ፦ ለገሃር (ድሬዳዋ)

ስለ ምግቡና ስለ ሰዓቱ። የጾም ነገር በዳቦ ቤት ነው የሚፈታው። "ባጌት ትራዲሲዮን" ብለሽ ግዢ፤ በሕጋቸው ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፣ ቅቤም ወተትም የለበትም። ክሯሳንና ብሪዮሽ ግን ቅቤ ናቸው። ቲማቲም፣ አቮካዶና የታሸገ ሽምብራ ከፓሪስ ይዛችሁ ውጡ፤ ከቤት ቆሎና በሶ ደግሞ ለመንገድ ይበቃል። በደቡብ የምትደርሱ ከሆነ ካሱሌ የሚሉት የነጭ ቦሎቄ ወጥ የጾም መስሎ እንዳይሸውዳችሁ፤ የአሳማ ሥጋና የዳክዬ ሥጋ አለበት። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይሄው መረጃ ይጠቅማል። ትንንሽ መንደር ውስጥ ሱቅ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀን ይዘጋል፣ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙው ዝግ ነው። የመንደር ምግብ ቤት ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ ምሳ አይሰጥም።

የሰዓቱ ነገር ባቡር ያስመልጣል። ትኬቱ ላይ 14፡07 ካለ ስድስት ቀንሺ፣ 8፡07 ነው፤ 19፡40 ከሆነ 1፡40 ማታ። የአባባና የእማማ የእጅ ሰዓት በሐበሻ ይቀመጥ፣ የአንቺ ስልክ በፈረንጅ፤ ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ሁለቱንም ጻፊ። ፈጣኑ ባቡር በሩን ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፤ ለአባባ እርምጃ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው ወደ 1፡40 ጠዋት ነው፣ የምትጠልቀውም ከዚያው ሰዓት ብዙ ሳይርቅ ማታ ነው። ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ለድሬ ሰው ጋቢ ያስፈልጋል፤ ጉልበትም በብርድ ይገተራልና የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በዝግታ ሂዱ።

መልስ፦ ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ጤናውን ማንም አላነሳውም። ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር አለ። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ወገብ ይታይ። ከተገኘ ከፋርማሲ በሚገዛው ትንሽ መንቀያ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ቅቤ፣ ጋዝ ወይም ክብሪት ክልክል ነው፤ መዥገሩ ተጨንቆ የሆዱን ይተፋል። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም። ድሬ ከተመለሳችሁ በኋላም ሊወጣ ስለሚችል ለሐኪሙ የት እንደ ነበራችሁ ንገሩት።

በቦይ ውሃ እግር አትታጠቡ፣ በተለይ ቁስል ካለ። አይጦችና ራጎንዳን የሚሉት ትልቅ የውሃ አይጥ ሽንት የሚያስተላልፈው በሽታ አለ። የመጠጥ ውሃ ካለቀባችሁ የመንደር መቃብር ቦታ ብዙውን ጊዜ ቧንቧ አለው፤ "ኖን ፖታብል" ከተጻፈበት ግን አይጠጣም። አደጋ ሲኖር 112 ነው።

የአባባ ከዘራ ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፣ የተበላ ከሆነ እዚሁ ቀይሪው። ጫማውም አዲስ አይሁን። ከአሁኑ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ከለገሃር ተነስታችሁ በከዚራ ዛፎች ሥር ሜዳ ሜዳውን ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በየሳምንቱ ግማሽ እየጨመራችሁ ስድስት አድርሱ። በማግሥቱ ጉልበታቸው ካበጠ ወይም ደረጃ ላይ ከወትሮው የባሰ ከያዛቸው ወደ ነበረው ርቀት ተመለሱ።

የከዚራዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አሰብኩ፦ እሑድ አሚዬን፣ ሰኞ ብሪያር፣ ሐሙስ ኒዮር ሄደን አድረን ዓርብ መመለስ።

መልስ፦ ጁገል (ሐረር)

አሚዬንን ወደ ቅዳሜ አምጪው፣ እማማ ገበያውን እንዲያዩ። ብሪያርን ወደ ማክሰኞ ውሰጂው፤ ሰኞ ዳቦ ቤቱም ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ከቅዳሜ በኋላም አባባ ሁለት ቀን ያርፋሉ። ኒዮር እንዳልሽው ይሁን፤ ሐሙስ ስትደርሱ ኒዮር እደሩ፣ ዓርብ በጠዋት ኩሎን፣ የመመለሻው ባቡር ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ይሁን። ዓርብ ጾም ስለሆነ ምሳውን ሐሙስ ማታ ከኒዮር ግዢ።

ኩሎን እንደ ወረዳችሁ ከምንም በፊት የፌርማታውን ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሺው። "ፔሪዮድ ስኮሌር" የሚለው ዓምድ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወቅት የሚሠራ ነው፤ በዚያ ሳምንት ለእናንተ የሚሠራው እሱ ነው። "ቫካንስ" (የትምህርት ዕረፍት) የሚለውን አትዪ፣ "ዲማንሽ" እሑድ ነው። የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን አውቶብስ ያዙ።